ከአጥራችን የተረፈችው ቡገንቪሊያ



የጋዜጣችን አዘጋጆች «አንድ ነገር ጻፍልን» ብለው ከያዙኝ ሁለት ወር አለፈ። «ስለ ምን?» ስላቸው «ስለምታውቀው ነገር» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው በእርግጠኝነት አውቃለሁ የምለው ሁለት ነገር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ በኤ.ዲ. ከግቢ መሰናበት ነው። ሌላው ትንሽዬ ቡገንቪሊያ እየከረከሙ በአንድ ሳህን አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ እንድትመስል ማድረግ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ስለደረሱብኝ ለያይቼ ልጽፋቸው አልቻልኩም።

የመጀመሪያው አጭር ነው። ሁለተኛ ዓመት፣ አንደኛ ሴሚስተር፣ ኤሌክትሪካል። ውጤት ወጣ፤ የእኔ አልበቃም። ከዚያ የክሊራንስ ወረቀት ይዤ ከላይብረሪ ወደ ፕሮክተር፣ ከፕሮክተር ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ስፖርት ክፍል ስዞር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሕይወቴ ኳስ ተውሼ የማላውቅ ሰው ኳስ እንዳልወሰድኩ ተፈርሞልኝ ወጣሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሼ ማመልከት እንደምችል ተነግሮኛል። የካቲት ውስጥ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ ድሬዳዋ ገባሁ።

አባቴ ኤሌክትሪሺያን ነው። የቤት መስመር ይዘረጋል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ የተቃጠለ ይጠግናል። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሲደርሰኝ ለደንበኞቹ ሁሉ «እኔ በፒንሳ የምሠራውን ልጄ በእስክሪብቶ ሊሠራው ነው» እያለ ይነግራቸው ነበር። እኔ ደግሞ የወደቅኩት ሌላ ነገር አይደለም፣ ሰርኪት ነው። ነገርኩት። አልጮኸም። ቢጮህ በወደድኩ። ሰላምታዬን ይመልሳል፣ ምግብ ሲቀርብ «ብላ» ይላል፣ ከዚያ ውጪ ዝም። እናቴ መሐል ገብታ «ጊዜ ስጠው» ትለኛለች፤ ለእሱም ያንኑ ትለው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አባቴ መጋዝ ይዞ አጥሩ ላይ ወጣ። በግቢያችን ፊት ለፊት ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ቡገንቪሊያ ነበረች። ድሬን የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ከዚራ አካባቢ በየአጥሩ ላይ የሚፈሰው ያ ደማቅ ሐምራዊ ነገር ማለት ነው። አባቴ የቆርቆሮ አጥሩን አንስቶ በብሎኬት ሊሠራው አስቦ ነበር፤ ተክሏ ደግሞ ቆርቆሮውን ቀዳድዳ አልፋ ነበር። አብሬው ልሥራ ብዬ ጓንት አድርጌ ወጣሁ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እጎትታለሁ። ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የተለዋወጥን አይመስለኝም። ማታ እሾሁ ክምር ሆኖ ለማገዶ ሲጠብቅ ከክምሩ ውስጥ አውራ ጣት የሚያክሉ አምስት ቁራጮች መርጬ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣኋቸው ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። የምሠራው ነገር አልነበረኝም፣ ያ ነው መልሱ።

የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካኖችን በመሐል ቆርጬ፣ በጋለ ሚስማር ሥራቸውን በስቼ፣ ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ከትንሽ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ተከልኳቸው። (ደቻቱ ዓመቱን ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚመጣ በ1998 ክረምት ድሬ አይታለች።) በሦስተኛው ሳምንት ከአምስቱ አራቱ ቅጠል አወጡ። ለእናቴ «ያዙ!» ብዬ አበሰርኳት።

አልያዙም ነበር። የቡገንቪሊያ ቁራጭ በግንዷ ውስጥ ባጠራቀመችው ስንቅ ብቻ ታቆጠቁጣለች። ከታች አንዲት ክር የምታህል ሥር ሳትኖራት ከላይ ለምልማ ትታያለች። ሥር ለማውጣት ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባታል፤ በዚያ መሐል ስንቋ ካለቀ ወይም ግንዷ ከበሰበሰ ቅጠሉ በአንድ ቀን ይረግፋል። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ጠዋትና ማታ አጠጣኋቸው፤ ሁለቱ በሰበሱ። ሦስተኛዋን ሥር ማውጣቷን ለማየት ብዬ ሳብ አደረግኳት። ነጫጭ ክሮች ነበሯት። ነበሯት የምለው ስስባት ስለተበጠሱ ነው። የቡገንቪሊያ ሥር እንደ ፈትል ስስ ነው፤ ካደገች በኋላ እንኳ ዕቃ ስትቀይሩላት አፈሩን ማራገፍ አያስፈልግም፣ እንዳለ ከነአፈሯ ነው የሚያነሷት። አምስተኛዋ ቅጠል ሳታወጣ ቀረች። የቀረችኝ አንድ ነበረች፤ እሷንም ነክቼ እንዳላያት በሩ ጀርባ ጥግ ላይ አስቀምጬ ፊቴን አዞርኩባት። ግንቦት ላይ ትክክለኛ ቀንበጥ መዘዘች።

ቦንሳይ የሚለውን ቃል ያገኘሁት በዚያን ጊዜ ነው። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልኬን ይዤ እዞራለሁ፤ እንቅልፍ እንደሆነ አልነበረኝም። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ በዝርግ ዕቃ ላይ የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ግን መጀመሪያ ከቻይና የመጣ ነው። ልዩ ዘር ያለው ተክል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ማንኛውም ተራ ዛፍ በዕቃና በመቀስ ትንሽ ሆኖ እንዲኖር ማድረግ ነው። ከእነዚያ ሌሊቶች አልረሳው ያልኩት አንድ የጥድ ዛፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በዕቃ ላይ የኖረ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የያማኪ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ተረፈ። በ1976 ባለቤቱ ለአሜሪካ ሰጡት፤ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ አለ። ሲሰጡት ስለ ቦምቡ አልተናገሩም ነበር፤ ታሪኩ እዚያ የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት በሄዱ ጊዜ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰዎች ውሃ እያጠጡት የሚያጠጡት ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። እኔ የአባቴን ዝምታ ስድስት ወር መሸከም አቅቶኝ ነበር።

ክረምቱን ተክሏ እንደ እብድ አደገች። ከጎረቤት ዩሪያ ለምኜ ሰጠኋት፣ በየቀኑ አጠጣኋት። ጳጉሜን ላይ ሦስት ቀንበጦቿ እያንዳንዳቸው ከክንዴ ይረዝሙ ነበር። አበባ ግን አንድም የለም። ከቤታችን ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ቡገንቪሊያዬ ለምን አታብብም?»

«ምን ትሰጣታለህ?»

ነገርኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ እሷ ካጠገብካት ቅጠል ነው የምትሰጥህ። አበባ የምትሰጠው ሲጠማት ነው።»

ተክሏን ለማየት ቤት ድረስ መጡ። እናቴ ቡና አፈላችላቸው። ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ይቺን ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ። «ትንሽ ዛፍ» አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ሥዕሎቹን አሳየኋቸው። ብዙም አልተደነቁም። «ታዲያ ለምን አልቆረጥካትም?» አሉኝ።

አልቆረጥኳትም ነበር፤ ምክንያቱም ከአምስት የተረፈች አንዷ ነበረች። ከዚያም በላይ፣ እንዲህ ያደገችው እኔ አጠጥቼ ነው። በዚያ ዓመት ያሳደግኩት ሌላ ነገር አልነበረም።

ቦንሳይ ለመጀመር ያሰበ ሰው ቢኖር በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ የሳትኩት እዚህ ነው። ወጣት ተክል ርዝመቷ ያስደስታል እንጂ ዛፍ አያስመስላትም። ዛፍ የሚያስመስለው ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ መሄዱ ነው። ከቁራጭ የበቀለች ቡገንቪሊያ ግን ከታች እስከ ላይ አንድ ውፍረት ያላት ዱላ ናት። ይህን የሚያስተካክለው መጎንደል ብቻ ነው። ቡና የሚያመርቱ ዘመዶች ያሏችሁ ጉንደላን ታውቁታላችሁ፤ ያው ነው። ግንዱን ዝቅ አድርጋችሁ ከአንድ ዓይን በላይ ትቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ዓይን የሚወጣው ቀንበጥ አዲሱ ጫፍ ይሆናል። እሱ እስኪወፍር ትለቁታላችሁ፤ ከዚያ እሱንም ትቆርጡታላችሁ፣ ከመጀመሪያው አጠር አድርጋችሁ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ክፍል ከበታቹ አጥሮና ቀጥኖ ይሄዳል። በቻይና ደቡብ የሊንግናን ሰዎች ዛፎቻቸውን በዋናነት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። የቡገንቪሊያ ቅጠሎች ትይዩ ሆነው አይበቅሉም፤ አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ ወደ ግራ እንድትሄድ ከፈለጋችሁ ወደ ግራ ከሚያየው ዓይን በላይ ትቆርጣላችሁ፤ በቃ፣ ወደዚያው ትሄዳለች። መቀሱ መሪ ነው።

ግን ከመቁረጥ በፊት ፊቷን መምረጥ አለ። ዛፍ ፊት አለው ብባል ድሮ እስቅ ነበር። ዕቃውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኔን በግንዱ ልክ ዝቅ አድርጌ፣ ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ሳዞራት ሦስት ቀን ሄደ። ሥሩ ከአፈር ሲወጣ ሰፋ ብሎ የሚታይበት ጎን የቱ ነው? ግንዱ ወደ ተመልካቹ ጎንበስ የሚልበት የቱ ነው? ታናሽ እህቴ «አባ፣ እሱ ዛፍ እያገላበጠ ነው» ስትል አባቴ ቀና ብሎ አየን፤ ምንም አላለም።

መስከረም ውስጥ ጎነደልኳት። አንድ ስንዝር ግንድ ቀረ። ከሦስቱ ረጃጅም ቀንበጦች ሁለቱን አነሳሁ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ከሚቀረው ጋር በአንድ ቁመት ትይዩ ሆኖ መስቀለኛ ያደርጋታል። እዚህም ተሳሳትኩ። ቁርጡ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ከዓይኑ አስጠግቼ ቆረጥኩ። የቡገንቪሊያ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ከተቆረጠበት ወደ ታች ትንሽ ይደርቃል። ድርቀቱ ዓይኑን ይዞት ሄደ። አዛውንቱ መጥተው አዩና አመልካች ጣታቸውን ጉቶው ላይ ጋደም አድርገው አስቀመጡ። «ይህን ያህል ተውላት። ኋላ ሲደርቅ ታነሳዋለህ። ቸኩለህ አታሳምር።» ከታች ሌላ ዓይን ባይኖራት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ባበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣት እተዋለሁ፤ ትልቅ ቁስል ከሆነ ደግሞ ነጭ የእንጨት ኮላ እቀባለሁ።

አሁን ወደ ሽቦው። ቅርንጫፍ ጎንበስ እንዲል ሽቦ ይጠመጠምበታል። አባቴ ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ ሽቦ የቤታችን አፈር ነው። ከትርፍራፊው ሳጥን አንዱን አነሳሁና ላስቲኩን ልጬ ጥቅምት ላይ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ መጠምጠም ጀመርኩ። አባቴ ከሥራ ገባ፣ ቆመ፣ አየኝ።

«ይኼ ባለ 6 ነው» አለ። «ለምድጃ ነው። ይሰብራታል።»

ሄደና ሳጥኑን ጎርጉሮ ቀጭን ሽቦ አመጣ። «2.5። የሶኬት። ለዚህች ደግሞ» አለ ጫፏን በጣቱ እየነካ፣ «1.5 ይበቃታል፣ የመብራት።» ከዚያ ገብቶ ዉዱእ ሊያደርግ ሄደ። በስምንት ወር ውስጥ በአንድ ጊዜ የነገረኝ ረጅሙ ንግግር ነበር። ሽቦውን ይዤ ቀረሁ። በኋላ ሳነብ የሽቦው ውፍረት ከቅርንጫፉ ሲሶ ያህል ይሁን ይላል፤ አባቴ ያንን ሳያነብ በዓይኑ ነው የለካው።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሰበርኳት። ቀንበጡ ለጋ ሳለ እንደፈለጋችሁ ትታጠፋለች፤ እንጨት ከሆነች በኋላ ግን አታስጠነቅቅም፣ ቋ! ብላ ትለያያለች። እኔ ያጠፍኩት ዋናውን፣ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ነበር። ከግማሽ በላይ ተሰንጥቆ ተንጠለጠለ። ያን ማታ እራት አልበላሁም። አስቂኝ እንደሆነ ይገባኛል፤ ኤ.ዲ. ሲነገረኝ ያላለቀስኩት ልጅ ለአንድ እንጨት ዓይኔ ሞላ።

ጠዋት ከፈጅር በኋላ ስወጣ ስንጥቁ ተገጥሞ፣ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ አገኘሁት። ማን እንዳሰረው አልጠየቅኩም። በዚያ ቤት ውስጥ ፕላስተር እንደዚያ ሳያጨማድድ የሚጠመጥም ሰው አንድ ብቻ ነው። ቅርንጫፉ ተረፈ። እብጠቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ፊቷን ስመርጥ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አልደበቅኩትም።

ሽቦውንም ቢሆን ረስቼው ልጣጩን ነክሶታል። ቡገንቪሊያ በሙቀት ቶሎ ስለምትወፍር በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ሲነክስ በፒንሳ ቆራርጦ ማውጣት እንጂ መፍታት አይደለም። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ጠባሳው ለአንባቢ ሳይሆን ለእኔ ነው።

ኅዳር ላይ የአዛውንቱን ምክር ይዤ ውሃ ነሳኋት። ቅጠሏ እስኪዝል ድረስ እጠብቃለሁ፣ ሲዝል አጠጣታለሁ፣ እንደገና እጠብቃለሁ። እናቴ «ይህ ግፍ ነው» ትለኝ ነበር። የዶርም ጓደኞቼም ሥዕሏን ሲያዩ ያንኑ ይላሉ፤ ዛፍን አስሮ ማሳነስ ማሠቃየት ነው ይላሉ። መልሴ ይህ ነው፦ ክፉ ባለቤት ያላት ቦንሳይ ዓመት አትቆይም። ሥሯ ባለ ጥቂት አፈር ላይ ያለች ተክል አንድ ሰው በየቀኑ ካላያት ትሞታለች። እዚያ አጥር ላይ ሳለች ግን ለሃያ ዓመት ማናችንም ቀርበን አላየናትም። ደግሞም የተወለደችበት የብራዚል ምድርም ቢሆን ደረቅና እርጥብ ወቅት አለው፤ እዚያም ትጠማለች።

ብራዚል ካልኩ አይቀር፣ ስሟ ከዚያ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1767 የፈረንሳዩ መርከበኛ የቡገንቪል ጉዞ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሲቆም የእጽዋት ሊቁ ኮሜርሶን አገኛት፣ በአለቃውም ስም ተጠራች። የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ የተባለች ሴት ነበረች፤ ሴት በመርከቡ ላይ ስለማይፈቀድላት ወንድ መስላ ነው የተጓዘችው። ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት ይባላል። እህቶቼ ይህን ስላልነገርኳቸው እንዳይወቅሱኝ ነው የጻፍኩት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከጫፎቹ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ታናሽ እህቴ ናት መጀመሪያ ያየችው፤ ከዚያም በላይ አየች። «አበባው ውስጥ ሌላ አበባ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አበባ የምንለው ሐምራዊው ነገር ቀለም የተቀባ ቅጠል ነው። ትክክለኛው አበባ በሦስቱ ቅጠሎች መሐል የቆመው ክብሪት የሚያክል ነጭ ቱቦ ነው። ከአጥራችን ሥር ዕድሜዬን ሙሉ አልፌ አላየሁትም ነበር።

አበባው የሚመጣው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ስለሆነ የዚያን ጊዜ መቀስ ማንሳት የለም። ቅርጿ ቢበላሽም ታግሣችሁ ትጠብቃላችሁ፤ አበባው ሲረግፍ ነው የሚከረከመው። የእኔ ሲረግፍ የካቲት ገብቶ ነበር፣ የመመለሻ ማመልከቻዬም ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ ከረከምኳት፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ ተውኩ። ራቁቷን ቀረች። አባቴ ሻንጣዬን አውቶቡስ ድረስ ተሸክሞልኝ መጣ። «ማን ያጠጣታል?» አለ። «አንተ» አልኩት። «በየስንት ቀኑ?» «ሲጠማት።» ራሱን ነቀነቀ።

በሚቀጥለው ክረምት ስመለስ ጄሪካኑ ጠቧት ነበር። ዝርግ ዕቃ ፈልጌ ስዞር ከንፈሩ የተሸረፈ የእናቴን ወጭት አገኘሁ። እናቴ «ወጭቴን!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ሰጠችኝ። የውሃ መውጫ ለመብሳት ድሪሉን አንስቼ ስጀምር አባቴ ከእጄ ወሰደው። የመዶሻ ምቱን አጠፋ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሸክላው ላይ ውሃ ጠብ እያደረገ ሁለት ቀዳዳ አወጣ። «ሸክላ ከተቸኮለበት ይፈነከታል» አለ። ወጭቱ አልተፈነከተም። ዱላ የነበረችው ግንድ ትንሽ እንድትንቀሳቀስ ዘንበል አድርጌ ተከልኳት።

አሁን አራተኛ ዓመት ነኝ። እሷ ሦስት ዓመት ተኩል አለፋት፤ በቦንሳይ አቆጣጠር ገና ሕፃን ናት። ቁመቷ ከሁለት ስንዝር ትንሽ ያንሳል። ዕቅድ ነበረኝ፤ በቀኝ በኩል የወጣውን ቀንበጥ አዲሱ ጫፏ እንዲሆን እስከ መስከረም ልለቀው፣ ሲወፍር ልቆርጠው። በደብተሬ ጀርባ ሣዬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለ።

«ያቺ በቀኝ በኩል ቀጥ ብላ የወጣችው አላማረችኝም» አለኝ። «ቆረጥኳት።»

«የቷን?»

ፎቶ ላከልኝ። እሷኑ ነው። አንድ ዓመት የጠበቅኳት። ስልኩን አልጋዬ ላይ ጥዬ ከዶርም ወጣሁ። ከዒሻ በኋላ ተመልሼ ፎቶውን አሰፋሁት። ከቁርጡ በታች ወደ ግራ፣ ትንሽም ወደ ኋላ የሚያይ ዓይን አለ። እሱ ጫፍ ከሆነ ፊቷ መዞር አለበት፤ እብጠቱ ያለበት ቅርንጫፍ ደግሞ ከጎን ወደ ፊት ይመጣል። ደብተሬን አውጥቼ ሣልኩት፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ሣልኩት። የእኔኛው እንደሚሻል አሁንም እከራከራለሁ። ግን የእሱም ይሆናል።

መልሼ ደወልኩ።

«አባ፣ ከዓይኑ በላይ ጣት ተውክላት?»

«ሁለት ጣት። ኮላም ቀብቻለሁ።»

«ዩሪያ እንዳትሰጣት።»

«ማን ሰጣት?» አለ። ከኋላው የታናሽ እህቴ ሳቅ ይሰማል። ትንሽ ዝም አልን። ልሰናበተው ስል፣ «እሱ ኮርስ እንዴት ሆነ፣ የፓወሩ?» አለኝ።

ነገርኩት።